ራስን መግዛት በሦስት ክሬዲት

የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲመለስ ከኮርሶቹ አንዱ «ጠቅላላ ሥነ ልቦና እና የሕይወት ክህሎት» ነበር። ሦስት ክሬዲት። ራስን ማወቅ፣ ስሜትን መግዛት፣ ጭንቀትን መቋቋም፣ ግጭትን በንግግር መፍታት ሁሉ በአንድ ሞጁል ገባ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አልነበረም። የጎንደር የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ እየታገለ ቁራሽ ሲለምን፣ ንዴትንም ኀፍረትንም መዋጥ ይማር ነበር። ስንቱ በረሃብና በበሽታ እንደቀረ እየረሳን ያን ኑሮ ማሞካሸት አልወድም። አንድ ነገር ግን ነበረው፦ የኔታ። ሲታመምም ሲከፋውም የሚያውቁት፣ እዚያው አጠገቡ የሚያድሩ መምህር።

ኮርሱ የመጣበትን ዓመት ደግሞ እናስታውስ። ጥቅምት 2012 መጨረሻ ላይ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ተገደሉ። ኅዳር ላይ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ታገቱ። መጋቢት ላይ ኮሮና ግቢዎቹን ዘጋ። ስሜትን ስለመግዛት የተማረው የመጀመሪያው ባች ዓመቱን እንኳ በወጉ አልጨረሰም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ነሐሴ 2013 መጨረሻ ላይ ዳባት ወረዳ ደርሶ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎች ተጨፈጨፉ። በ2010 ማስተማር የጀመረው ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ገና በእግሩ ሳይቆም ውጊያው ደጁ ነበር። ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች ሲወጣ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጎብኚ ዋልያ ለማየት የሚያድርበት ጨነቅ የሚባል ቦታ አለ። ስሙ ነው እንጂ፣ ጭንቀቱስ ታች ከተማው ውስጥ ነበር።

ሰኔ 26 ቀን 2016 ደግሞ ዓመቱን ጨርሰው ከደባርቅ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። ከመቶ በላይ እንደሆኑ ተዘገበ። ወላጆች የማስለቀቂያ ገንዘብ እንደተጠየቁ ለመገናኛ ብዙኃን ተናገሩ።

ከሞጁሉ ጋር ጠብ የለኝም፤ ይዘቱ ጥሩ ነው። መንገዱን ማስጠበቅ ግን የመንግሥት ሥራ ነው፣ የተማሪው «የመቋቋም ክህሎት» አይተካውም። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ እንደ የኔታ ተማሪውን በስሙ የሚያውቅ፣ እስኪመረቅ የሚከታተለው አማካሪ ያስፈልጋል። ኮርሱ የሚሰጠው በአንደኛ ዓመት ነው። በዚያ ክረምት ታግቶ የተለቀቀ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ቢኖር፣ ጭንቀትን ስለመቋቋም ተፈትኖ ውጤቱን ከተቀበለ ሁለት ዓመት አልፎታል።