ሻይን ለሞሮኮ የሰጣት ጦርነት ነው ወይስ ውል?

ግንቦት 13 ዓለም አቀፍ የሻይ ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ቀኑን በ2019 ማብቂያ ላይ ደንግጎት ከ2020 ጀምሮ በየዓመቱ ይታሰባል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በቡና አገር ለሻይ ገጽ መልቀቅ ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል። ቢሆንም በጠዋት መንገድ ዳር ቆሞ ቅርንፉድና ቀረፋ የሚሸት ሻይ የማይጎነጭ የአዲስ አበባ ሰው ስንት ነው?

አፍሪካ በሻይ ነገር ለሁለት ትከፈላለች ማለት ይቻላል፤ ምሥራቁ ያመርታል፣ ሰሜኑ ይጠጣል። ኬንያ ጥቁር ሻይ ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም ቀዳሚ ናት። በ1956 ናይሮቢ ተጀምሮ በ1969 ወደ ሞምባሳ የተዛወረው የሻይ ጨረታ የኡጋንዳን፣ የሩዋንዳንና የታንዛኒያን ምርት ሳይቀር ያሻሽጣል። ግብጽ ከዚያ ገበያ ትልልቅ ገዢዎች አንዷ ስትሆን ሱዳንም ለረጅም ጊዜ ደንበኛ ሆና ቆይታለች። ወደ ምዕራብ ሲዘለቅ ግን ሻዩ ቀለሙን ይለውጣል። በሞሮኮ፣ በሞሪታኒያ፣ በማሊና በሴኔጋል በራድ ውስጥ የሚፈላው አረንጓዴ ሻይ ነው፤ የሚመጣውም ከቻይና ነው። ሞሮኮ ብቻዋን በዓመት ከ50 ሺህ ቶን በላይ ታስገባለች። የቻይና አረንጓዴ ሻይ ከእሷ የሚበልጥ ደንበኛ የለውም።

ቅጠሉ ከወዲያኛው የእስያ ዳርቻ፣ ከዤጂያንግ አውራጃ ነው የሚነሣው። እንደ ባሩድ ፍሬ ተጠቅልሎ የሚደርቅ በመሆኑ ነጋዴዎች የባሩድ ሻይ ይሉታል። ይህ ቅጠል የአትላስ ተራሮች ገበሬ የዕለት መጠጥ እንዴት ሊሆን ቻለ? አስጎብኚውን ብትጠይቁት፣ የጉብኝት መጽሐፍ ብትገልጡ መልሱ አንድ ነው፦ የክራይሚያ ጦርነት።

ትረካው እንዲህ ይሄዳል። በ1853 ሩሲያና የኦቶማን መንግሥት ጦር ተማዘዙ። በማግስቱ ዓመት እንግሊዝና ፈረንሳይ ከኦቶማኖች ጎን ተሰልፈው ገቡ። የእንግሊዝ መርከቦች የባልቲክን ባሕር ሲዘጉ ለሩሲያ ገበያ ሻይ ያዘጋጁ የለንደን ነጋዴዎች ዕቃቸውን ታቅፈው ቀሩ። ገዢ ፍለጋ ሲባዝኑ ጂብራልታርን ተሻግረው ጣንጃና ሞጋዶር ወደቦች ላይ በርካሽ አራገፉት፤ ሞጋዶር የዛሬዋ ኤሳውራ ናት። ናናን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ መጠጣት የለመደው ሕዝብም ቅጠሉን ከናናው ጋር አዋሕዶ ያዘው።

ጥሩ ተረት ነው። ጦርነት አለበት፣ መርከብ አለበት፣ የከሰረ ነጋዴ አለበት። ችግሩ የሚጀምረው ሩሲያ ያኔ ሻይ በየት በኩል ታስገባ እንደነበር ሲታይ ነው። ሩሲያና ቻይና በ1727 ከተዋዋሉ ወዲህ የሩሲያ ሻይ መንገድ ኪያኽታ በተባለችው የድንበር ከተማ በኩል ነበር። ሻዩ በግመል የጎቢን በረሃ ያቋርጣል፣ ሳይቤሪያን በጋሪና በበረዶ ላይ ተንሸራታች ያልፋል፣ ሞስኮ ይገባል። ክፍያው ጸጉራም ቆዳና ጨርቅ ነው። ይህን ንግድ ለመጠበቅ ሲባል የሩሲያ ሕግ ሻይ በባሕር እንዳይገባ ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው የተነሣው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1860ዎቹ መባቻ ላይ ነው። እንግዲህ በሕግ የሌለ ገበያ በጦርነት ተዘጋ ሲባል እንዴት ይታመናል?

የትረካው ጠበቃ «ኮንትሮባንዱስ?» ማለቱ አይቀርም። እውነት ነው፣ ሻይ በስውር በፕሩሲያ ድንበር በኩል ወደ ሩሲያ ይሾልክ ነበር። ነገር ግን ፕሩሲያ በጦርነቱ ገለልተኛ ነበረች። ባልቲክ ሲዘጋ የሩሲያ ንግድ ወደ ፕሩሲያዋ ሜሜል ወደብ ዞሮ ከተማዋ በጦርነቱ ዓመታት እንደ ጉድ ደራች። የኮንትሮባንዱ በር በጦርነቱ ጊዜ ይበልጥ የተከፈተ በር ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃ ከዚህ የበለጠ ጣዕም አለው፤ ያመጣውም አንድ የዓይን ሕመምተኛ ልዑል ነው።

በ1789 የሞሮኮ ሡልጣን ሲዲ ሞሐመድ ቢን አብደላህ ነበሩ። ኤሳውራን ከሃያ ዓመት በላይ ቀደም ብለው የቆረቆሩ፣ የአውሮፓን ንግድ በአንድ ወደብ ሰብስበው ቀረጡን በእጃቸው ለማድረግ ያሰቡ ብልህ ንጉሥ ናቸው። ልጃቸው ሙላይ አብደሰላም ግን በደቡብ፣ በታሩዳንት፣ የዓይኑ ብርሃን እየከዳው ተቀምጧል። የጂብራልታሩ የእንግሊዝ ገዢ ሐኪም እንዲልክለት በጣንጃው ቆንስል በኩል ተማጸነ፤ በግዞት የተያዙ ክርስቲያኖች እንደሚለቀቁና ለሐኪሙም ወሮታ እንደሚከፈል ቃል ገባ። የተላከው ዊልያም ሌምፕሪየር የተባለ የጦር ሠራዊት ሐኪም ነው።

ሌምፕሪየር በመስከረም ወር ተሻግሮ በወደቦቹ በኩል ወደ ደቡብ ወረደ። ልዑሉን ማከም ጀመረ፣ ለውጥም አሳየ። ሕክምናው ሳያልቅ አባትየው ወደ ማራካሽ አስጠሩት። እዚያም ወራት ያህል «ዛሬ ነገ» እየተባለ፣ የሐረሙን ሴቶች ሳይቀር እንዲያክም እየታዘዘ ቆየ። ወንድ እግሩ የማይረግጠው ግቢ ለአንድ የውጭ ሐኪም ተከፈተ ማለት ነው። ከልዑሉ ያገኘው ወሮታ የወርቅ ሰዓት፣ ረብ የለሽ ፈረስና ጥቂት ብር ነበር። በንዴት ይመስላል፣ አገሩ እንደተመለሰ ያየውን ሁሉ ጻፈው። መጽሐፉ በ1791 ለንደን ታተመ።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሻይ አለ፤ አፈላሉም ሳይቀር ተጽፏል። አረንጓዴ ሻይ፣ ናና፣ ሌላ ሽታ ያለው ቅጠልና ብዙ ስኳር አንድ ላይ በራዱ ውስጥ ይጨመርና የፈላ ውኃ ይሞላበታል። ሐረሙ ውስጥ ከንግሥቶቹ አንዷ ሻይ ስታቀርብለት ሲኒዎቹ ከዋልነት ቅርፊት እምብዛም የማይበልጡ፣ ገበታውም ከመሬት ጥቂት ከፍ ያለ ዝቅተኛ እግር ያለው እንደነበር ይተርካል። ሻይ በጣም ውድ ስለሆነ ከሀብታም በቀር የሚጠጣው እንደሌለም አልዘለለም። ዛሬ በፌዝ ከተማ የሚቀርብላችሁ ሻይ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። ጊዜው ደግሞ ከክራይሚያ ጦርነት ስድሳ አራት ዓመት በፊት ነው።

ወደኋላ ከሄድንም መነሻው ቤተ መንግሥት ይሆናል። እስከ 1727 የነገሡት ሙላይ ኢስማዒል ከአውሮፓ መልእክተኞች ጋር ስለ ምርኮኞች ሲደራደሩ ከሚቀርቡላቸው ገጸ በረከቶች መካከል ሻይና የሻይ ዕቃ እንደነበረበት ይነገራል። የሞሮኮ ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬ በሰፊው የሚቀበሉት አረዳድም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ሻይ መጀመሪያ የሡልጣን፣ ቀጥሎ የሹማምንትና የትልልቅ ነጋዴዎች፣ ከዚያ የከተሜው፣ በመጨረሻ የገጠሬው ሆነ። አብደልአሐድ ሰብቲና አብደራሕማን ላኽሳሲ በ1999 ያሳተሙት በአረብኛ የተጻፈ መጽሐፍ ለጉዳዩ ዋነኛ ሥራ ነው።

ከሌምፕሪየር በኋላ ያሉት አስርተ ዓመታት ለንግዱ ደብዛዛ ናቸው። በ1799 ወረርሽኝ ሞሮኮን አራቆታት። በዘመኑ የነገሡት ሙላይ ሱለይማን ከአውሮፓ ጋር መነገድን ብዙም አይወዱም ነበር። ኤሳውራ ላይ የሡልጣኑ ነጋዴዎች የሚባሉት፣ አብዛኞቹ አይሁድ የሆኑ ቤተሰቦች፣ ከቤተ መንግሥት ገንዘብ እየተበደሩ፣ በለንደን ወኪል እያስቀመጡ መሥመሩን አላቋረጡም። ከደቡብ ሙጫ፣ የሰጎን ላባና የፍየል ቆዳ ይወጣል፤ ጨርቅ፣ ስኳርና ሻይ ይገባል።

መሥመሩ ምን ያህል እንደዘለቀ የሚያሳየው ሄንሪክ ባርት ነው። ይህ ጀርመናዊ አሳሽ በእንግሊዝ መንግሥት ወጪ ሰሐራን አቋርጦ በመስከረም 1853 ቲምቡክቱ ገባ። የከተማዋን ገበያ ዕቃ በዕቃ ሲዘረዝር ሻይ በከተማዋና በአካባቢዋ ለሰፈሩ አረቦች ቋሚ ፍጆታ መሆኑን፣ ለነባሩ ሕዝብ ግን ከአቅሙ በላይ የሆነ ቅንጦት መሆኑን መዝግቧል። ልብ በሉ፣ ባርት ቲምቡክቱ ሲገባ እንግሊዝ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም። የጣንጃን ወደብ ያጥለቀለቀ የተባለው ርካሽ ሻይ ከመድረሱ በፊት ሻዩ በግመል ጀርባ በረሃውን አቋርጦ ጨርሷል።

ታዲያ ከ1850ዎቹ በኋላ ሻይ ወደ ድሃው ጎጆ መውረዱ ሐሰት ነው? አይደለም። ያ ሆኗል፤ ሰበቡ ግን ሌላ ይመስለኛል። አንደኛው ለንደን ውስጥ አለ። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሻይ እንዲሰርቅ ወደ ቻይና የላከው ሮበርት ፎርቹን ለውጭ ገበያ የሚዘጋጀው አረንጓዴ ሻይ በሰማያዊ ቀለምና በጂፕሰም እንደሚቀባ አጋለጠ፤ ናሙናውም በ1851ዱ ታላቅ ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታየ። እንግሊዛዊው ፊቱን ወደ ጥቁር ሻይ ማዞሩን ገፋበት። አረንጓዴው ሌላ አፍ መፈለግ ነበረበት።

ሁለተኛውና ለእኔ ዋነኛው ሰበብ የተፈረመው በታኅሣሥ 9 ቀን 1856 ነው። ጆን ድራመንድ ሄይ የጣንጃ የእንግሊዝ ቆንስል ጄኔራል ነበር። ሥራውን ከአባቱ ተረክቦ ከ1845 እስከ 1886 ድረስ ወንበሩን ያልለቀቀ፣ አረብኛ አቀላጥፎ የሚናገር፣ ትርፍ ጊዜውን በፈረስ ላይ ሆኖ የዱር አሳማ በጦር በመውጋት የሚያሳልፍ ሰው ነው። ሡልጣን አብደራሕማንን ለዓመታት ሲወተውት ኖሮ በመጨረሻ የንግድ ውሉን አስፈረማቸው። በውሉ መሠረት ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከዋጋው አሥር በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ቤተ መንግሥቱ በብቸኝነት ይዟቸው ከነበሩት ንግዶች አብዛኞቹም ተከፈቱ።

ጦርነቱ ያበቃው በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ መሆኑ ለተረቱ የረዳው ይመስለኛል። ነጋዴው ከሁለቱ የትኛውን ያስታውሳል? የሻይ ዋጋ የወደቀው «በጦርነቱ ጊዜ ገደማ» ነው ይላል፤ ልጁ «በጦርነቱ ምክንያት» ብሎ ያወርሳል። ስለ ቀረጥ አንቀጽ ተረት የሚያወራ የለም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተፋጠነ። በ1860 ስፔን ቴቱዋንን ያዘችና 20 ሚሊዮን የስፔን ዶላር ካሣ ጫነች፤ ዕዳው ከጉምሩክ ገቢ ስለሚከፈል ቤተ መንግሥቱ ራሱ ብዙ ዕቃ እንዲገባ የሚፈልግ ሆነ። ሾጣጣው ስኳር ከማርሴይ፣ በራዱ ከማንችስተር፣ ቅጠሉ ከቻይና መጣ። ራይት የተባለው የማንችስተር ሠሪ ማህተም ያለበት በራድ እስከ ዛሬ በሞሮኮ ቤቶች እንደ ቅርስ ይጠበቃል። በሡልጣኑ ግቢ ሻይ የሚያፈሉ ባለሟሎች ማዕረግ ነበራቸው። የተቃወመም አልጠፋም፤ የከታኒያ ሱፊዎች የሙስሊሙ ገንዘብ ወደ አውሮፓውያን ኪስ እየፈሰሰ ነው በማለት ተከታዮቻቸው ሻይና ስኳር እንዲተዉ ያዝዙ ነበር። ሒሳቡ ገብቷቸዋል። ሰሚ ግን አላገኙም።

ዛሬም ጦርነትና ሻይ አልተለያዩም። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2023 ከመፈንዳቱ በፊት የካርቱም መንገዶች የሚታወቁት ዝቅተኛ በርጩማ ዘርግተው በሚቀመጡ ሻይ ሻጭ ሴቶች ነበር። ከመካከላቸው የኢትዮጵያና የኤርትራ ሴቶች ጥቂት አልነበሩም። በመጋቢት 2025 ደግሞ የሱዳን መንግሥት ኬንያ ጦሩ የሚዋጋውን የፈጥኖ ደራሽ ኃይል ስብሰባ ናይሮቢ ላይ አስተናግዳለች በማለት ከኬንያ የሚገባ ማናቸውንም ዕቃ፣ ሻይን ጨምሮ፣ አገደ። የሞምባሳ ነጋዴዎች ጮኹ። እገዳው ሻዩን ከሱዳናውያን ብርጭቆ ያርቀዋል ብዬ ግን አላምንም፤ በሌላ አገር ነጋዴ ስም፣ በሌላ ወረቀት፣ ዋጋው ጨምሮ ዞሮ ይገባል። ሜሜል የደራችው እንዲሁ ነበር።