የእሾህ አክሊል የተባለው ተክል እውነተኛ ታሪክ

በብዙዎቻችን ቤት፣ በመስኮት ዳር ወይም በበረንዳ ላይ የሚገኝ አንድ ተክል አለ። ግራጫማው ግንዱ ከታች እስከ ላይ በእሾህ ተሞልቷል፤ ጫፉ ላይ ግን ትናንሽ ቀያይ አበቦች ያወጣል። በብዙ ቋንቋዎች «የእሾህ አክሊል» ወይም «የክርስቶስ እሾህ» ተብሎ ይጠራል። ስሙን ተከትሎም የሚነገር ታሪክ አለ፦ የሮም ወታደሮች በጌታችን ራስ ላይ የደፉት አክሊል የተጎነጎነው ከዚህ ተክል ነው፤ አበባውም የቀላው በደሙ ምክንያት ነው ይባላል።

ታሪኩ ልብ ይነካል። ለልጆች ለማስተማርም ይመቻል። ይሁን እንጂ እውነት መሆኑን መመርመር ይገባናል። ዛሬ ከእኛ ይህን ሰምቶ ያመነ ልጅ ነገ አድጎ ሐሰት መሆኑን ቢያውቅ፣ ከዚያው አፍ የሰማውን የመስቀሉን ነገርም መጠራጠሩ አይቀርም።

ተክሉ ከየት መጣ?

የተክሉ አገር ኢየሩሳሌም ሳይሆን በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘው የማዳጋስካር ደሴት ናት። የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት «ዩፎርቢያ ሚሊ» ይሉታል። «ሚሊ» የተባለው በፈረንሳዊው ሹም በባሮን ሚሊዩስ ስም ነው። ሚሊዩስ ዛሬ ሬዩንዮን የምንላት ደሴት ገዥ ነበር፤ ተክሉን በ1821 (እ.ኤ.አ.) ወደ ፈረንሳይ ያስገባው እርሱ እንደሆነ ይነገራል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1826፣ ሻርል ዴ ሙላን የተባለ የቦርዶ ሊቅ ይህን ሳይንሳዊ ስም ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ነው በአውሮፓና በሌላውም ዓለም የቤት ተክል የሆነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ዘመዱ እንግዳ አይደለም። የአገራችን ቁልቋል ከዚሁ ወገን ነው። ሲቆረጡ የሚወጣቸው ወተት የሚመስል ነጭ ፈሳሽ ዝምድናቸውን ይመሰክራል።

እንግዲህ የማዳጋስካር ተክል በጲላጦስ ግቢ በወታደሮች እጅ ነበረ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለንም። አክሊሉን የጠቀሱት ማቴዎስ፣ ማርቆስና ዮሐንስ ሲሆኑ የተክሉን ዓይነት ለይተው አልጻፉም። የተጠቀሙበት የግሪክ ቃል በጥቅሉ እሾህ ማለት ነው። ሊቃውንት ከሚገምቷቸው አንዱ በእስራኤል ምድር የሚበቅለው፣ በእኛም ቆላ የሚገኘው ቁርቁራ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙም «የክርስቶስ እሾህ» የሚል ትርጉም አለው። ይህም ቢሆን ግምት ነው።

ወንጌላውያኑ ዓይነቱን ሳይጽፉ ያለፉት ትኩረታቸው ሌላ ስለነበረ ነው ብለን እናምናለን። እሾህ በዘፍጥረት 3 ከአዳም ውድቀት በኋላ ምድር በተረገመች ጊዜ የበቀለ ነው። ያንን የእርግማን ምልክት ንጉሡ በራሱ ላይ ተሸከመው። ወታደሮቹ ለፌዝ ያደረጉትን እግዚአብሔር ለመዳናችን አዋለው። ይህን ለማመን ደግሞ የትኛው ቁጥቋጦ እንደነበረ ማወቅ አያስፈልገንም።

የማዳጋስካር እሾህ

ተክሉ ከደሴቲቱ በወጣበት ዘመን ወንጌል ወደ ደሴቲቱ እየገባ ነበር። በ1818 ዴቪድ ጆንስና ቶማስ ቤቫን የተባሉ ሁለት የዌልስ ወጣቶች ከለንደን ሚስዮናውያን ማኅበር ተልከው ማዳጋስካር ደረሱ። ብዙም ሳይቆይ ቤቫን፣ የሁለቱም ሚስቶችና ልጆቻቸው በበሽታ አለቁ። ብቻውን የቀረው ጆንስ ለመዳን ወደ ሞሪሺየስ ሄደ፤ በ1820 ግን ተመልሶ ወደ ዋና ከተማዋ አንታናናሪቮ ገባ። ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ መጽሐፍ ቅዱስም ወደ ማላጋሲ ቋንቋ ይተረጎም ጀመር።

በ1835 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ታትሞ ወጣ። በዚያው ዓመት ቀዳማዊት ንግሥት ራናቫሎና ሕዝቧ ክርስትናን እንዳይከተል በአዋጅ ከለከለች። ሚስዮናውያኑ አገሩን ለቀው ወጡ። ምእመናኑ ግን መጽሐፎቻቸውን በጉድጓድና በዋሻ ደብቀው ማንበባቸውን ቀጠሉ። በ1837 ራሳላማ የተባለች እኅት መዝሙር እየዘመረች ወደ መገደያዋ ሄዳ በጦር ተወግታ ሞተች። በ1849 ሌሎች ከገደል ተወረወሩ፤ ከመኳንንት ወገን የነበሩ አራት ደግሞ በእሳት ተቃጠሉ።

ንግሥቲቱ በ1861 ስትሞት ቤተ ክርስቲያን ጠፍታ አልተገኘችም፤ በዝታ ተገኘች እንጂ። በ1869 ደግሞ ዳግማዊት ንግሥት ራናቫሎና ራሷ ተጠመቀች። ከዚህ ተክል አገር ልንናገረው የሚገባን እውነተኛ ምስክርነት ይህ ነው።

ተክሉን ስንንከባከብ

ይህ ተክል ከደረቅና ከድንጋያማ አገር የመጣ በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በውኃ ብዛት ነው። የላይኛው አፈር ሲደርቅ ብቻ ደኅና አድርጎ ማጠጣት፣ ከዚያ እስኪደርቅ መተው ይበቃል። ማሰሮው ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው፤ አፈሩም አሸዋ ወይም ጠጠር የተቀላቀለበት ይሁን። በቀን ቢያንስ ለሦስትና ለአራት ሰዓት ፀሐይ ማግኘት አለበት፤ ጨለማ ቤት ውስጥ ከተቀመጠ አበባው ይቀንሳል። ብርድ አይወድም፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሚወርድባቸው አገሮች የምትኖሩ ወገኖች በክረምት ወደ ቤት አስገቡት። ውኃ ሲጠማው ቅጠሉን ያራግፋል፤ ግንዱ እስካልበሰበሰ ድረስ ግን ሞቷል ብላችሁ አትጣሉት።

ለማባዛት ከጫፉ ቆርጦ፣ የተቆረጠው ቦታ እስኪደርቅ ጥቂት ቀናት አቆይቶ መትከል ነው። ነጩ ፈሳሽ መርዛማ ስለሆነ ጓንት አድርጉ፤ ዓይን እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ከሕፃናትም አርቁት። ቀዩን ነገር ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ደግሞ አበባ የመሰለን ቅጠል መሆኑን ትረዳላችሁ፤ እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያለው እጅግ ትንሹ ነው።

ስለዚህ ተክሉን ከቤታችን አናውጣው። ልጆቻችን ስለ ስሙ ሲጠይቁን ግን «ጌታችን የደፋው የእሾህ አክሊል ከዚህ አልተሠራም፤ እርሱ ግን ስለ እኛ በእውነት የእሾህ አክሊል ደፍቷል» እንበላቸው። ከዚያም የራሳላማን ታሪክ እንንገራቸው። እምነታችን በተፈጠረ ተረት መደገፍ አያስፈልገውም፤ የሆነው ነገር ራሱ ይበቃዋል።

ጌታ ይባርካችሁ።