አንድ ዛፍ በአንድ ዶላር

መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ ፍለጋ ቤቱን የምናተራምስ ልጆች ነን። ስለዚህ «በአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር አያልፍም» ብለው ዘጠኝ ዓመት ያህል የተሟገቱ የአሜሪካ ገጠር ሰዎች እንዳሉ ስንሰማ መጀመሪያ ያልነው «ጥጋብ ነው!» ነበር። ታሪኩን ከሥር መሠረቱ ስናነበው ግን አፋችንን ሰብሰብ አደረግን። እስቲ እናንተም ስሙትና ፍረዱ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ቦታው ኒው ሃምፕሻየር ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ ከካናዳ የምትዋሰን ትንሽ ግዛት። በ2010 መገባደጃ ላይ ኖርዘርን ፓስ የተባለ ፕሮጀክት ይፋ ሆነ። ሃይድሮ ኬቤክ የሚባለው የካናዳ ኩባንያ ከግድቦቹ የሚያመነጨውን ኃይል ፒትስበርግ በምትባል የድንበር ከተማ በኩል አስገብቶ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ እስከ ዲርፊልድ ድረስ ወስዶ ለኒው ኢንግላንድ ገበያ ማቅረብ ነበር ሐሳቡ። ወጪው ኋላ ላይ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል ተባለ። አብዛኛው መስመር ድሮም ሽቦ በተዘረጋበት ያልፋል። በሰሜኑ ጫፍ፣ በኮኦስ አውራጃ ግን 60 ኪሎ ሜትር ያህል አዲስ መንገድ በጫካና በእርሻ መሃል መመንጠር ነበረበት። ወረድ ሲል ደግሞ ዋይት ማውንቴን ብሔራዊ ደን አለ።

የነዋሪዎቹ ቁጣ የገባን ስለዚህ ደን ስናነብ ነው። ደኑ ከጥንት ጀምሮ ተከብሮ የኖረ አይደለም። በ1867 የግዛቲቱ መንግሥት ተራሮቹን ለግል ገዢዎች በርካሽ ሸጣቸው። ጣውላ ነጋዴዎች ገቡ፤ ተራራው ተላጨ፤ ተቆርጦ የቀረው ቅርንጫፍ ሲደርቅ እሳቱ ተከተለ። በዚህ የተቆጡ ሰዎች በ1901 የኒው ሃምፕሻየር ደኖች ጥበቃ ማኅበርን መሠረቱ። በ1911 የፌዴራሉ መንግሥት በምሥራቅ አሜሪካ መሬት እየገዛ ደን እንዲያለማ የሚፈቅደው ሕግ ወጣ፤ ሕጉ የሚጠራበት ጆን ዊክስ ራሱ የኮኦስ ልጅ ነው። ብሔራዊ ደኑ በ1918 ተቋቋመ።

የምንወደው ክፍል ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። በ1923 ፍራንኮኒያ ኖች በተባለው የተራራ መተላለፊያ የነበረ ትልቅ ሆቴል ተቃጠለ። ባለቤቶቹ እንደገና ከመሥራት ይልቅ መሬቱን ለመሸጥ አሰቡ፤ የጣውላ ነጋዴዎችም አሰፍስፈው ነበር። ዋጋው 400,000 ዶላር። ግማሹን መንግሥት መደበ፤ 100,000ው ከአንድ ሟች ባለጠጋ ውርስ ተገኘ። የቀረውን ማኅበሩና የሴቶች ክበባት ዛፎቹን ለሕዝብ በመ«ሸጥ» ሰበሰቡት፤ አንድ ዛፍ በአንድ ዶላር! ዛፉን አትወስደውም፤ እዚያው ቆሞ እንዲቀር ነው የምትገዛው። በ1928 ቦታው ፓርክ ሆነ።

እንግዲህ በ2010 ኩባንያው የመጣው ወደነዚህ ሰዎች የልጅ ልጆች ነው። ከ30 በላይ ከተሞች በስብሰባ ተቃወሙት። ብርቱካናማ ልብስና ብርቱካናማ የመንገድ ዳር ጽሑፍ የተቃውሞው ምልክት ሆነ። ኩባንያው ለሰሜኑ መንገድ የሚሆነውን መሬት በውድ ዋጋ እየገዛ ያያይዝ ጀመር። ማኅበሩ ደግሞ የአያቶቹን ዘዴ አወጣ፤ 850,000 ዶላር ከሕዝብ አሰባስቦ፣ ባልሳምስ በተባለው ሆቴል ዙሪያ ባለ 2,350 ሄክታር ገደማ መሬት ላይ የጥበቃ መብት ገዛ። ማለት፣ መሬቱ የባለቤቱ እንደሆነ ይቀራል፤ ምሰሶ ግን ለዘላለም አይተከልበትም። በ2012 የወጣ ሕግ ደግሞ ለአስተማማኝ አቅርቦት የግድ ላልሆነ መስመር መሬት በግዳጅ እንዳይወሰድ ከለከለ። አንድ ያልሸጠ ገበሬ መስመሩን ያቆመዋል ማለት ነው።

ሁሉም ተቃዋሚ ነበር ግን አንበል። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር ሥራውን ፈልጎት ነበር፤ የኃይል መቀየሪያ ጣቢያው የታሰበላት ፍራንክሊን ከተማም ግብሩን።

ኩባንያው እየቆየ መለሳለስ ጀመረ። በ2015 ብሔራዊ ደኑን ጨምሮ 97 ኪሎ ሜትር ያህሉን ከመሬት በታች እቀብራለሁ አለ። ሰዎቹም «ይህን መቅበር ከቻልክ የቀረውንስ?» አሉት። ዋጋው አያዋጣም ነበር መልሱ። ጃንዋሪ 25 ቀን 2018 ጎረቤት ማሳቹሴትስ ፕሮጀክቱን ለኃይል ግዢ መረጠች። ልክ በሳምንቱ፣ ፌብሩዋሪ 1፣ የኒው ሃምፕሻየር ፈቃድ ሰጪ ኮሚቴ 7 ለ 0 ውድቅ አደረገው፤ የአካባቢውን ሥርዓት ያለው ዕድገት እንደማያውክ አላስረዳችሁም ብሎ። በጁላይ 2019 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አጸናው።

እዚህ ላይ ማጨብጨብ አምሮን ነበር። ግን ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ እናስታውስ። በኬቤክ ሰሜን ለላ ግራንድ ግድቦች ከ10,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የክሪ ሕዝብ ምድር በውኃ ተጥለቅልቋል። ፔሳሚት የሚባሉት ኢኑዎችም ኒው ሃምፕሻየር ድረስ መጥተው፣ ግድቦቹ ያለ ፈቃዳችን በአባቶቻችን መሬት ላይ ተሠርተው የሳልሞን ወንዛችንን አጠፉብን ሲሉ መስመሩን ተቃውመዋል። እነርሱ ግድቡ ሲሠራ በአንድ ዶላር የሚሸጥ ዛፍም ሆነ ባለ ማኅተም የመሬት ሰነድ አልነበራቸውም።

ማሳቹሴትስም ፊቷን ወደ ሜይን አዞረች። እዚያም ሌላ መስመር፣ ሌላ ጫካ፣ ሌላ ተቃውሞ። በኖቬምበር 2021 የሜይን ሕዝብ 59 በመቶ ድምፅ ሰጥቶ አስቆመው። ኩባንያው ግን «ብዙ ገንዘብ አውጥቼ ሥራውን ጀምሬያለሁ» ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤት ረታ፤ በ2023 ግንባታው ቀጠለ። ሕዝቡ ድምፅ በሰጠበት ቀን በመስመሩ ላይ የነበሩት ዛፎች አብዛኞቹ ተቆርጠው አልቀው ነበር።