የጾም ወተት በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን

የጾም ወተት ከሱፍ፣ ከኦቾሎኒ፣ ከሰሊጥ ወይም ከአኩሪ አተር ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦና ተጠልሎ የሚገኝ፣ በላም ወተት ፋንታ የሚጠጣና ምግብ የሚሠራበት ነጭ ፈሳሽ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኞች ቤት የረቡዕ፣ የዓርብና የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ነገር ነው፤ የላም ወተት ሆዱን ለሚነፋው ሰውም ያገለግላል።

የላም ወተት በራሱ ግሉተን የለውም። ግሉተን በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ሲሆን፣ ሴሊያክ የተባለው ሕመም ያለበትን ሰው አንጀት ይጎዳል። ስለዚህ ጥያቄው የሚመጣው ወተት ሲተው ነው፦ ምትኩ ከምን ተሠራ? በምንስ ተፈጨ?

ጥያቄው በጋሞ የዋዛ አይደለም። 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው አርባ ምንጭ የሙዝ፣ የማንጎና የበቆሎ አገር ናት፤ ሽቅብ ወደ ዶርዜና ጨንቻ ሲወጣ ግን ከእንሰቱ ጎን ገብስና ስንዴ ይመጣሉ። ወፍጮ ቤት የሱፍ ተራ ሳይደርስ ገብስ ተፈጭቶበት ይሆናል፤ ቤት ውስጥም ሱፉ የሚታመሰው ትናንት የገብስ ቆሎ በተቆላበት ምጣድ ነው። ሱፍ ንጹሕ ነው፤ ጣጣው መንገዱ ላይ ነው። ለሴሊያክ ሕመምተኛ የተለየ ምጣድና በእጅ የሚወቀጥበት ሙቀጫ መያዝ ከሁሉ ይሻላል።

ሱፍ ሲገዛ ስሙ እንዳያሳስት፤ የፈረንጅ ሱፍ ሌላ ተክል ነው። ፍሬው ተለቅሞና ታጥቦ ለስለስ ባለ እሳት ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ ለብ ባለ ውሃ ይበጠበጣል። ገለባው ጉሮሮ ስለሚቧጭር አንድ ጊዜ በወንፊት፣ ሁለተኛ በንጹሕ ነጠላ ይጠለላል። ጥቂት ሲቆይ ውሃውና ቅባቱ ስለሚለያዩ ሊጠጣ ሲል ይማሰላል። በአርባ ምንጭ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል፤ የዕለቱን ለዕለቱ ነው። ለመጠጥ ማር፣ ለፍትፍት ደግሞ ጨው፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ይገባበታል። ለሴሊያክ ሕመምተኛ የፍትፍቱ እንጀራ ያለ ድብልቅ ጤፍ መሆን አለበት፤ ገብስ ወይም ስንዴ የገባበት ከሆነ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ነው።

ለምግብ ሥራ ኦቾሎኒ ይመረጣል፤ ወፍራም ነው፣ ሾርባና ሩዝ ይሸከመዋል። የሰሊጥ ወተት ይመራል፤ ብቻውን ለመጠጥ አይመከርም። የአኩሪ አተር በፕሮቲን ለላም ወተት የሚቀርበው ነው፤ በደንብ መፍላት አለበት፣ ትኩስ ቡና ላይ ሲፈስም አንዳንዴ ይቋጥራል። ከሁሉ የሚጥመው ግን ከጋሞ ደጋ ቡላ ጋር የተሠራው የሱፍ አጥሚት ነው፤ ቡላ ከእንሰት ስለሚወጣ ግሉተን የለውም።

ነጭ ሆነው የሚያታልሉም አሉ። ቦርዴ የተባለው መጠጥ ከበቆሎ ቢሠራም ብቅሉ ከገብስ ወይም ከስንዴ ሊሆን ይችላል። አጃም በማሳ ከገብስ፣ በወፍጮ ከስንዴ ጋር ስለሚገናኝ ንጽሕናው ካልተረጋገጠ አይታመንም።

ቤት ውስጥ የሚሠራ የጾም ወተት ቢ12 የለውም፤ በካልሲየምም የላሙን ያህል አይሆንም። የካልሲየሙን ጉድለት በከፊል የሚሸፍነው ቆላው ውስጥ በየደጃፉ የቆመው ሀለኮ፣ በአማርኛ ሺፈራው የሚባለው ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ተቀቅሎ ከበቆሎ ከሚሠራው ኩርኩፋ ከሚባል ምግብ ጋር ይበላል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን የጾም ወተት የእናት ጡት ምትክ አይሆንም።