ከአንድ የጌም ካርድ ጀርባ ያለ ታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ባለፈው ሰሞን እዚሁ ቡልጋሪያ፣ ከዒሻ ሰላት በኋላ አንድ ወጣት ቀርቦ ጠየቀን። ለወራት ያጠራቀመው ገንዘብ አለው፤ ለኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ ሊገዛበት ፈልጓል። እናቱ ደግሞ ለጌም ይህን ያህል ብር ማውጣት ኢስራፍ ነው ብለው ተቆጥተውታል። ልጁ ኬሚስትሪ ተማሪ ነው፤ «በዚህ ካርድ እኮ የመድኃኒት ሞለኪውል እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማስላት ይቻላል» አለን። እኛም ሳቅን። ሰበብ የፈለገ መስሎን ነበር። ቤት ገብተን ስናነብ ግን ልጁ እውነቱን ነው። ስለሳቃችን አውፍ ይበለን፤ ያነበብነውን ደግሞ ለሁላችሁም እናካፍል።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። ብዙ መድኃኒቶች የሚሠሩት ሰውነታችን ውስጥ ካለ አንድ ፕሮቲን ላይ ሄደው በመጣበቅ ነው። ፕሮቲኑ ግን እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይታጠፋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የእያንዳንዱን አተም ጉዞ በዓይን መከታተል ስለማይቻል ሳይንቲስቶች በኮምፒውተር ያሰሉታል። እያንዳንዱ አተም በሌሎቹ ምን ያህል እንደሚገፋና እንደሚሳብ ይሰላል፤ ከዚያ ሁሉም ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ፤ ስሌቱ እንደገና ይጀመራል።

ያች «ትንሽ» ምን ያህል ናት? ብዙ ጊዜ 2 ፌምቶሰከንድ ናት። አንድ ሰከንድ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ቢሊዮን ፌምቶሰከንድ አለ። ግብፃዊው ዶክተር አሕመድ ዘወይል በ1999 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህች ቅጽበት የሚሆነውን የኬሚካል ለውጥ በጨረር መከታተል በመቻላቸው ነው። እንግዲህ የአንድ ፕሮቲንን እንቅስቃሴ ለአንዲት ማይክሮሰከንድ ብቻ ለመከተል ስሌቱን 500 ሚሊዮን ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። ሱብሓነላህ! በአንድ የዓይን ጥቅሻ ውስጥ አላህ የሚያከናውነው ሥራ ይህን ያህል ነው።

ታሪኩን ከሰፈራችን ስም እንጀምር። ጆን አታናሶፍ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ አባታቸው ከቡልጋሪያ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ናቸው። በ1930 የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በሂሊየም ላይ ነበር። በጊዜው በነበረው የሒሳብ መኪና ያን ሁሉ ቁጥር ማስላት እጅግ አደከማቸው። የተሻለ ማሽን ወደመፈለግ የገፋቸውም ይኸው ድካም ነው። ከ1939 እስከ 1942 ከተማሪያቸው ከክሊፎርድ ቤሪ ጋር ሆነው ከመጀመሪያዎቹ ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተሮች አንዱን ሠሩ። ኮምፒውተር ራሱ ከተወለደባቸው ምክንያቶች አንዱ የአተም ስሌት ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ስም ልብ ሊባል ይገባዋል፤ አኒሱር ረሕማን። በ1927 ሕንድ ውስጥ በሐይደራባድ ተወለዱ። ካምብሪጅ ተምረው በኋላ በቺካጎ አቅራቢያ በሚገኘው አርጎን የምርምር ማዕከል ሠሩ። በ1964 ባወጡት ጥናት የ864 የአርጎን አተሞችን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ተከታተሉ። 864 ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር እናጣምር ብንል 372,816 ጥንድ ይወጣል፤ ለአንድ እርምጃ ብቻ! በ1971 ደግሞ ከፍራንክ ስቲሊንጀር ጋር ሆነው 216 የውሃ ሞለኪውሎችን አሰሉ። ዛሬ በዘርፉ ያሉ ብዙዎች አባታችን ይሏቸዋል፤ የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበርም ከ1993 ጀምሮ በስማቸው ሽልማት ይሰጣል።

እዚህ ላይ ራሳችንን እንጠይቅ። በየመድረኩ የጃቢር ኢብን ሐያንንና የኸዋሪዝሚን ስም እንጠራለን። መጥራታችን ጥሩ ነው። ግን ከሺህ ዓመት በፊት የነበሩትን ስንቆጥር፣ አያቶቻችን በሕይወት እያሉ አዲስ የዕውቀት በር የከፈተን ሰው ስንቶቻችን እናውቃለን? የቀደምቶቹ ክብር መኩሪያ ብቻ ሆኖ ከቀረ ልጆቻችንን ያስተኛቸዋል። «ነበርን» ማለት «ነን» ማለት አይደለም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1977 ማካመን፣ ጌሊንና ካርፕለስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ትንሽ ፕሮቲንን አሰሉ። የተከታተሉት ጊዜ 9.2 ፒኮሰከንድ ብቻ ነበር፤ ፒኮሰከንድ ማለት 1,000 ፌምቶሰከንድ ነው። ከእነዚህ አንዱ ማርቲን ካርፕለስ ከሌቪትና ከዋርሼል ጋር በ2013 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በ2010 ደግሞ ዴቪድ ሾው የሚመሩት ቡድን ያንኑ ፕሮቲን ለአንድ ሚሊሰከንድ አስኬደው፤ ከመቶ ሚሊዮን እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሆኖም ለዚህ ሥራ ብቻ «አንቶን» የሚባል ልዩ ማሽን መገንባት ነበረባቸው። እንዲህ ያለውን ማሽን ማን ይገዛዋል? ለድሃ አገር ተማሪ በሩ የተዘጋ ይመስል ነበር።

በሩን የከፈተው ማንም ያልጠበቀው ነገር ነው፤ የልጆች ጌም።

የጌም ምስል በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ነጥቦች የተሠራ ነው። የእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም በአንዴ መሰላት አለበት። ስለዚህ የካርድ አምራቾች ጥቂት ጎበዝ ሠራተኞችን ትተው ብዙ ተራ ሠራተኞችን በአንድ ካርድ ላይ ሰበሰቡ። ቁርኣን ቤት ያደገ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል። ኡስታዙ አንዴ «ቅሩ» ሲሉ መቶ ደረሳ እያንዳንዱ የራሱን ሎህ ይዞ በአንድ ጊዜ ይቀራል። ትእዛዙ አንድ ነው፤ ሎሁ የየራሱ ነው። ግራፊክስ ካርድም እንዲሁ ነው፤ ለአተሞችም ይኸው አሠራር ተስማማ።

መጀመሪያ ላይ ግን ተመራማሪዎቹ ካርዱን ማታለል ነበረባቸው፤ አተሞቻቸውን ምስል አስመስለው ነበር የሚያስገቡለት። በኅዳር 2006 ኤንቪዲያ 128 ማስያዎች ያሉትን ጂፎርስ 8800 ካርድ አወጣ፤ ካርዱን ለማንኛውም ስሌት ማዘዝ የሚያስችለውን ኩዳ የተባለ ሥርዓትም አስተዋወቀ። በ2007 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው የክላውስ ሹልተን ቡድን የሞለኪውል ስሌትን በዚህ መንገድ ማፋጠን እንደሚቻል አሳየ።

ችግር አልነበረም ማለት አይደለም። የጌም ካርድ ብዙ አሃዝ ያለውን ጥንቁቅ ቁጥር ሲያሰላ ቀርፋፋ ነው፤ ለጌም ሰባት ያህል አሃዝ ይበቃዋልና። መፍትሔው ሥራውን መክፈል ሆነ፤ የእያንዳንዱን ጥንድ ኃይል በፈጣኑ መንገድ ማስላት፣ ድምሩን ግን በጥንቁቁ መያዝ።

ከዚያ የሆነውን ደግሞ ብዙዎቻችን በኖርንበት ዘመን አየነው። ፎልዲንግ አት ሆም የሚባል ፕሮጀክት ከ2000 ጀምሮ ተራ ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ለፕሮቲን ስሌት እንዲያውሱ ይጠይቅ ነበር። ኮሮና በገባበት በ2020 እጅግ ብዙ ሰዎች የጌም ካርዳቸውን ሰጡ። የጋራ አቅማቸው በሰከንድ ከአንድ ቢሊዮን ቢሊዮን ስሌት አለፈ፤ የቫይረሱ እሾህ እንዴት እንደሚከፈትም ተከታተሉ። ልጆች ጌም የሚጫወቱባቸው ካርዶች ተሰባስበው በጊዜው ዓለም ላይ ከነበሩ ግዙፍ ኮምፒውተሮች በለጡ።

በአገራችንስ? ስለ ቁሶች የኤሌክትሮን ስሌት የሚያስተምረው አሴስማ የተባለው የአፍሪካ ሥልጠና በ2018 እዚሁ አዲስ አበባ ተካሂዷል። ዕውቀቱ ደጃችን ድረስ መጥቷል ማለት ነው።

ታዲያ ለወጣቱ ምን አልነው? እኛ ሙፍቲ አይደለንም፤ ምክር ነው የሰጠነው። የሥራችን ዋጋ በኒያችን እንደሚለካ ከልጅነታችን ተምረናል። ያው አንድ ካርድ ለአንዱ ሰላት የሚያስረሳ፣ ለሌላው አላህ ላወረደው በሽታ ያወረደውን መድኃኒት መፈለጊያ ይሆናል። ካርዱ በራሱ ምንም አይፈርድም። ኒያ ደግሞ በሥራ ይፈተናል። ስለዚህ «ብሩን ከማውጣትህ በፊት ባለህ ኮምፒውተር ጀምር» አልነው። ግሮማክስ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ጀማሪዎች የሚለማመዱት በእንቁላል ነጭ ውስጥ ባለው ላይሶዛይም በሚባል ፕሮቲን ነው። መብራት ቢጠፋ እንኳ ፕሮግራሙ በየ15 ደቂቃው የደረሰበትን ስለሚመዘግብ ከዚያው ይቀጥላል። ይህን ለሁለት ወር ታግሶ ከሠራ፣ ካርዱ ለምን እንደሚያስፈልገው ለእናቱ በሥራው ያሳያቸዋል። ካልሠራ ግን እናቱ ትክክል ነበሩ።

ደግሞም ካርድ ብቻውን መድኃኒት አያወጣም። ስሌቱ ግምት ነው፤ በቤተ ሙከራ መረጋገጥ አለበት። ኬሚስትሪውን፣ ፊዚክሱንና ሒሳቡን ያልተማረ ሰው የፈጠነ ስሕተት ብቻ ነው የሚያገኘው።

ወጣቶች ሆይ! ገንዘብ የለንም፣ ትልቅ ላብራቶሪ የለንም የምንለው ሰበብ እየጠበበ ነው። አኒሱር ረሕማን በ1964 ከነበራቸው ማሽን የበለጠ አቅም ያለው ስልክ ዛሬ በየኪሳችን አለ። የጎደለን ብረቱ ሳይሆን ሰብሩ ነው።

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይወፍቀን፤ የተማርነውንም ለፍጡራኑ መጥቀሚያ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።