ለማን የቀለለ? የሊኑክስ ዴስክቶፕና የአማርኛ ተጠቃሚ፣ ከ1999 እስከ 2019

የሊኑክስን ዴስክቶፕ ለዕለት ተዕለት ተጠቃሚ ለማቅለል የተደረገው ጥረት አዘውትሮ የሚተረከው እንደ መሐንዲሶች ታሪክ ነው። በዚህ ትረካ መጫኛው አጠረ፣ ትእዛዝ መጻፍ ቀረ፣ ገጹ አማረ። ይህ ጽሑፍ ያንኑ ታሪክ ከቋንቋ በኩል ይመለከተዋል። የሚያቀርበውም ክርክር የሚከተለው ነው፦ ቅለት የሚለካው በምርጫዎች ማነስና በቃላት መተርጎም ብቻ አይደለም፤ ማሽኑ የተጠቃሚውን የፊደል፣ የዘመንና የሰዓት ልማድ በማወቁም ጭምር ነው። ጽሑፉ የተሰናዳው ጸሐፊው በእንግድነት በተቀመጠበት በናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ስለሆነ የስዋሂሊ ልማድ ለንጽጽር ያገለግላል። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው መሰናክል ፊደሉ ነበር። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት አዘጋጁ፤ ይህም የግዕዝን ፊደል በተራ የላቲን ቁልፎች ለመወከል የሚያስችል ነው። በሴራ ትንሹና ትልቁ የላቲን ፊደል «ት»ን ከ«ጥ» ይለያሉ፤ አናባቢው ሲከተል ቤቱ ይለወጣል። በዚያው አሥር ዓመት ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማሰናጃ በጃፓናዊው ናኦቶ ታካሃሺ ሥራ የኢትዮጵያን ፊደል መጻፍ ቻለ፤ ይሁን እንጂ ኢማክስ የባለሙያ መሣሪያ እንጂ የጸሐፊ ወይም የመምህር መሣሪያ አልነበረም። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ፊደሉን ሲያካትት ግን ለሁሉም ፕሮግራሞች የሚሆን የጋራ መሠረት ተጣለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው የተከናወነው በጥቂት በጎ ፈቃደኞች እጅ ነው። ዳንኤል ያዕቆብ የሚመራው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በ2002 የኖም ዴስክቶፕን ቃላት ወደ አማርኛ መመለስ ጀመረ። በ2003 ደግሞ ለሊኑክስ መሠረታዊ ቤተ መጻሕፍት «ሎኬል» የሚባሉትን ፋይሎች አበረከተ። ሎኬል የአንድን ቋንቋ ልማድ በአንድ አገር ክልል ለማሽኑ የሚያስታውቅ አጭር መዝገብ ነው፤ የቀናትና የወራት ስሞች፣ የገንዘብ ምልክት፣ የፊደል ቅደም ተከተልና የቀን አጻጻፍ ይሰፍሩበታል። ከአማርኛ ሌላ ለትግርኛ፣ ለግዕዝ፣ ለአፋርኛ፣ ለሲዳምኛ፣ ለወላይትኛና ለብሊን ተዘጋጅቷል። ኦሮምኛ ሁለት መዝገብ አለው፤ አንዱ ለኢትዮጵያ፣ ሌላው ለኬንያ። በጥቅምት 2004 ስሙን ከንጉኒ ቋንቋዎች የወሰደው ኡቡንቱ «ሊኑክስ ለሰው ልጆች» በሚል መፈክር ሲወጣ፣ እስከ 2011 ድረስም ሲዲውን በፖስታ በነጻ ሲልክ፣ እነዚህ ፋይሎች በውስጡ ነበሩ።

ሆኖም ሎኬሉን ለሚያነብ የቋንቋ ባለሙያ ችግሩ ወዲያው ይታየዋል። የወራቱ ስሞች «ጃንዩወሪ»፣ «ፌብሩወሪ» እያሉ የእንግሊዝኛውን አነጋገር ይከተላሉ። ይህ የአዘጋጆቹ ስንፍና አይደለም። ቤተ መጻሕፍቱ የሚያውቀው የግሪጎርያንን አሥራ ሁለት ወር ብቻ ስለሆነ «ጥር»ን በ«ጃንዩወሪ» ቦታ ማስቀመጥ ቀኑን ያሳስት ነበር፤ ጳጉሜንማ ቦታም አልነበራት። ነገር ግን በዚያው መዝገብ የቀኑ አጻጻፍ በ«ዓ/ም» ይዘጋል። ማሽኑ «2005 ዓ/ም» ብሎ ሲጽፍ የኢትዮጵያ አንባቢ የሚረዳው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የሚዘገይ ዘመን ነው። ቃላቱ አማርኛ ናቸው፤ ዘመኑ ግን የሌላ ነው።

በሰዓቱ ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠብቃል። ማሽኑ የንጋቱን ጊዜ «7:00 ጡዋት» ይላል። በአማርኛ ግን ሰባት ሰዓትና ጥዋት አብረው አይሄዱም፤ ሰባት ሰዓት ከቀኑ ነው፣ ማሽኑ የሚያሳየው ጊዜ ደግሞ ከጥዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ተጠቃሚው ቁጥሩን ካመነ የስድስት ሰዓት ስሕተት ይፈጠራል። ቃሉን ካመነ ደግሞ ቁጥሩን በልቡ መለወጥ አለበት።

የስዋሂሊ ንጽጽር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የስዋሂሊ ተናጋሪም ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል፤ «ሳኣ ሞጃ አሱቡሂ» ሲል የእኛን ከጥዋቱ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። ነገር ግን በኬንያ የተለመደው «7:00» ብሎ ጽፎ «ሳኣ ሞጃ» ብሎ ማንበብ ነው። በኢትዮጵያ ግን ጽሑፉም ንግግሩን ተከትሎ «1:00» ይሆናል። ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ የሰዓት አቆጣጠር ይጋራሉ፣ የጽሕፈት ልማዳቸው ግን ይለያያል። ስለዚህ ለስዋሂሊ ተናጋሪ የማያስቸግር ሰዓት አማርኛ ተናጋሪን ያሳስታል፤ ለሁለቱም የሚሆን አንድ «አፍሪካዊ» ማስተካከያ ሊኖር አይችልም። ይህን ልዩነት ፕሮግራም ሠሪው ከራሱ አያገኘውም፤ የሚያውቀው ቋንቋውን የሚያጠና ሰው ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ቅለት ራሱ እንዴት እንቅፋት እንደሚሆን ያሳያል። የኖም መሠረት የሆነው የጂቲኬ ሁለተኛ ትውልድ ለአማርኛና ለትግርኛ የራሱ የአጻጻፍ ዘዴ ነበረው። በማናቸውም የጽሑፍ ሳጥን ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ የተጫነ ሰው ዝርዝሩን አግኝቶ አማርኛን ይመርጥ ነበር፤ ሌላ ነገር መጫን አያስፈልገውም። በሦስተኛው ትውልድ ግን ይህ ዝርዝር በነባሪው ተሰወረ። ምክንያቱ ለመረዳት አያዳግትም፤ ለአብዛኛው ተጠቃሚ ትርጉም የሌለው ምርጫ ገጹን ያጨናንቃል፣ ከ2012ቱ ኖም 3.6 ጀምሮም አይባስ የተባለው መሣሪያ ሥራውን በአንድ ቦታ ይዞታል። ሆኖም ሴራን በአይባስ ለመጠቀም ተጨማሪ ጥቅል ያስፈልጋል። አንድ ቁልፍ አንድ ምልክት ብቻ በሚሰጥበት ሰሌዳ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው ማስፈር ስለማይቻል፣ ያለዚያ ጥቅል መጻፉ አይሳካም። ለአንዱ ጭንቅንቅ የነበረው ለሌላው በር ነበር።

በሩ ዳግም የተከፈተው ኪማን የተባለው የቁልፍ ሰሌዳ ፕሮግራም ኮዱ በ2017 ለሁሉም ክፍት ከሆነና ወደ ሊኑክስ ከመጣ በኋላ ነው። የፋውንዴሽኑ የአማርኛ ሰሌዳም ከዚያው ይገኛል። የሰዓቱና የዘመኑ ጥያቄ ግን ገና አልተዘጋም። የዩኒኮድ የሎኬል መዝገብ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉትን አሥራ ሦስት ወራት ይዟል፤ የኖም ቀን መቁጠሪያ ግን የሚያሳየው ግሪጎርያኑን ነው።

እንግዲህ ለቋንቋ ጥናት ክፍሎች የሚቀርበው ሐሳብ ተግባራዊ ነው። የቋንቋቸውን ሎኬል አንድ ሰው ተቀምጦ ያንብበው። የተጻፈው ቀን ጮክ ተብሎ ሲነበብ ተናጋሪው የሚለው ነው? ቁጥሩና ቃሉ አንድ ጊዜ ያመለክታሉ? ፊደሉ ያለ ተጨማሪ ጭነት ይጻፋል? መልሱ «አይደለም» ከሆነ እርማቱን የሚቀበሉ አካላት አሉ። በዩኒኮድ መዝገብ ላይ ማንኛውም ዐዋቂ አስተያየት ማቅረብ ይችላል። እዚህ ሳውዝ ሲ በፖፖ መንገድ የሚገኘው የኬንያ ደረጃዎች ቢሮም አገሩን በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ይወክላል። የኦሮምኛን የኬንያ መዝገብ ከቦረና ተናጋሪዎች ጋር መፈተሽ ለናይሮቢ ተማሪዎች የአንድ ሴሚስተር ሥራ ነው፤ የአማርኛውም መዝገብ እንዲሁ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ሊፈተሽ ይገባዋል።