ከሣጥኑ በታች ያለው ነገር

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሣጥን ሠርቶ በደጅ ማቆም ታሪክ የሚጻፍበት ጉዳይ መስሎ አይታይህ ይሆናል። ነገር ግን ሰው እህሉንና መሣሪያውን፣ መጽሐፉንም ከዝናብና ከምስጥ ለማዳን የደከመው ድካም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በዚህም ታሪክ ውስጥ እኔ ራሴ አንድ በደል አለብኝ፤ እርሱንም በቦታው እናገራለሁ።

አባቶቻችን በደጅ ከሚያቆሙት ዕቃ ዋነኛው ጎተራ ነው። ጎተራ በቀጭን እንጨት ወይም በቀርከሃ ይሠራል፤ በጭቃና በእበት ይመረጋል፤ በሣር ይከደናል። ትልቁ ጥበቡ ግን ከታች ነው፤ በድንጋይ ወይም በቋሚ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል እንጂ መሬት አይነካም። እንጨትን የሚገድሉት ሁለት ጠላቶች ናቸውና፤ አንዱ ከላይ የሚወርደው ውሃ ነው፤ ሁለተኛው ከታች የሚወጣው እርጥበትና ምስጥ ነው። ክዳን የመጀመሪያውን ይመክታል፤ ድንጋይ ሁለተኛውን።

ይህን ነገር የጥንት ሕንጻዎቻችንም ይመሰክሩልናል። በአክሱም የተቀረጹትን ሐውልቶች የተመለከተ ሰው፣ በድንጋዩ ላይ በርና መስኮት፣ የወራጅም ጫፍ ያያል። ጠራቢዎቹ የቀረጹት በዘመናቸው ይሠራ የነበረውን የእንጨትና የድንጋይ ቤት መልክ ነው። በሜዳ የነበረው እንጨት ጠፋ፤ ምስሉ በድንጋይ ቀረ። በላስታ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግን፣ በዛጉዬ ነገሥታት ዘመን እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ በዋሻ ውስጥ ታንጿል፤ ዝናብ አያገኘውምና እስከ ዛሬ ድረስ ቆሞ ይታያል። እንግዲህ እንጨት በባሕርዩ ደካማ አይደለም፤ ደካማ የሚያደርገው የሠሪው ቸልተኝነት ነው።

እንጨት ማለቁም የከተማን ዕድል እስከ መወሰን ደርሷል። በቀድሞ ዘመን የነገሥታት ሰፈር ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወርበት አንዱ ምክንያት የማገዶና የቤት እንጨት ማጣት ነበር። አዲስ አበባም በ1879 ዓ. ም. ከተቈረቈረች በኋላ፣ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክም ከተማቸውን በስተ ምዕራብ ወዳለው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው፣ በዚያ ሕንጻ እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ሆኖም ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ. ም. ገደማ ገብቶ ስለ ነበር፣ ፈጥኖ አደገ፤ ሲቈርጡትም ከጕቶው መልሶ የሚያቈጠቍጥ ስለ ሆነ ከተማይቱን በቦታዋ አጸናት።

የባሕር ዛፍ ውለታው እንዲህ ብዙ ቢሆንም ጠባዩን ማወቅ ያሻል። በእርጥቡ ተሰንጥቆ ጣውላ ከሆነ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም፤ መሬት ከነካ ደግሞ ምስጥ አይምረውም። እኔ ይህን በሚሲዮን ትምህርት ቤት በእጅ ሥራ ሰዓት ተምሬው ነበር። ማወቅና ማድረግ ግን ሁለት ናቸው።

በሐምሌ ወር 1971 ዓ. ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገሪቱ ሁሉ ሲጀመር፣ እኔ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ጀማሪ መምህር ነበርሁ። ጎልማሶች የሚማሩባቸው መጻሕፍት መጡ፤ ማስቀመጫ ክፍል ግን አልነበረም። አናጢነት እንደምችል የሰሙት አለቃችን በደጃፉ ጥግ የሚቆም ሣጥን እንድሠራ አዘዙኝ። ምስጋና ለማግኘት ቸኵዬ እርጥብ የባሕር ዛፍ ጣውላ በሁለት ቀን ገጣጥሜ፣ ያለ እግር በመሬት ላይ አኖርሁት። መልኩ ያማረ ስለ ነበር ሁሉም አመሰገኑኝ።

ክረምቱ ሲያልፍ ሣጥኑ ተከፈተ። ከታች የነበሩት መጻሕፍት ዐፈር ሆነዋል። አለቃችን ቢጠይቁኝ፣ “ዘበኛው ክዳኑን ሳይዘጋ ትቶት ዝናብ ገብቶበት ይሆናል” አልሁ። የዘበኛው የግማሽ ወር ደመወዝ ተቈረጠ። እርሳቸውም በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። በሰው ፊት አንዳች አልመለሱም፤ ማታ ግን ብቻዬን ሲያገኙኝ፣ “መምህር፣ ምስጥ ከላይ አይዘንብም” አሉኝ። እኔም ዝም አልሁ። ወዲያው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወርሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ገንዘቡን ልመልስ ወደዚያ አገር ሄድሁ። ሽማግሌው ዐርፈዋል። ልጃቸውን አግኝቼ ሁሉን ነገርኋት። ብሩን ስዘረጋላት እጇን ሰበሰበችና፣ “አባባ፣ ገንዘቡ ይቅር፤ አባቴ በቸልተኝነት ሲታማ ኖሯል። ይልቅስ እውነቱን ለሰው ይንገሩልኝ” አለችኝ። በዚያው ዕለት ለመንደሩ ሽማግሌዎች ተናገርሁ፤ ዛሬ ደግሞ ላንተ እጽፍልሃለሁ።

ወደ ቤቴ እንደ ተመለስሁ ሁለተኛውን ሣጥን ሠራሁ። ከፈረሰ ቤት የወጣ የደረቀ የጥድ ጣውላ ገዛሁ፤ ጥድ ምስጥን የሚያባርር ዘይትና ሽታ አለውና። ቁመቱን 120፣ ወርዱንና ከፍታውን 60 ሳንቲ ሜትር አድርጌ በስኳድራ ለክቼ ቈረጥሁ። እንጨት በክረምት ስለሚያብጥ በወለሉ ጣውላዎች መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ቀጭን ክፍተት ተውሁ። ክዳኑን ከኋላው ከፍ፣ ከፊቱ ዝቅ አድርጌ ውሃው እንዲንሸራተት በቆርቆሮ አለበስሁት። በመጨረሻም አራቱን እግሮች በአራት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ላይ አሳረፍሁ። ማንም ጐንበስ ብሎ የማያየውን የወለሉን ሥር እንደ ፊቱ ሁሉ ላግሁት፤ ቀለምም ቀባሁት። በረንዳዬ ላይ ከቆመ እነሆ ሦስት ክረምት አለፈው፤ በውስጡ ያለው አካፋና መኰትኰቻ ዝገት አልነካውም።

ልጄ ሆይ፤ ሥራህን ሰው በሚያየው በኩል ብቻ አታሳምር። ከሣጥኑ በታች ያለው ድንጋይ አይታይም፤ ሣጥኑን የሚያኖረው ግን እርሱ ነው። ሥራህ የተበላሸብህ እንደ ሆነም ጥፋቱን በደካማው ላይ አትጫን፤ የተቈረጠ ደመወዝ ይመለስ ይሆናል፤ የተቈረጠ ስም ግን ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ካልተመለሰለት ዕዳው ከባድ ነው። አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እውነት ነው፤ ይጠራል። ነገር ግን የእኔ ንጋት ለእርሳቸው ዘግይቶባቸዋል፤ አንተ እንዲህ አታዘግይ።